በቤት የሚዘጋጅ የዕፅዋት ሊከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅጠላ ቅጠል፣ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃ። የዕፅዋት ሊከር ከዚህ የዘለለ ነገር አይፈልግም። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ጠርሙስ በሁለት ነገር ያበላሸዋል፤ ቅጠሉን ያበዛል፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ረስቶት ይከርማል። ከታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ለማስቀረት የታሰቡ ናቸው።

ሊከር ከሌላው መጠጥ በምን ይለያል?

በስኳሩ። ሊከር ጣዕም የገባበትና የጣፈጠ ጠንካራ አልኮል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ መጠጥ ሊከር ለመባል በጥቅሉ ቢያንስ 15 በመቶ አልኮልና በሊትር 100 ግራም ስኳር ሊኖረው ይገባል። ቤት ውስጥ ማንም መጥቶ አይለካባችሁም። ቢሆንም ቁጥሮቹ የት አካባቢ እንዳላችሁ ይጠቁማሉ። በቤት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 በመቶ አልኮል፣ በሊትር ደግሞ ከ150 እስከ 250 ግራም ስኳር ይኖረዋል።

ይሄ ነገር አረቄ ማውጣት ነው እንዴ?

አይደለም። አረቄ ሲወጣ ጥንስስ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ ይያዛል፣ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። እዚህ ጥንስስም ምድጃም የለም። ተሠርቶ የተሸጠ አልኮል ትገዛላችሁ፣ ቅጠሉን ትዘፈዝፉበታላችሁ፣ ታጠሉታላችሁ፣ ታጣፍጡታላችሁ። በቃ።

ልዩነቱ ለደኅንነትም ለሕግም ዋጋ አለው። በብዙ አገሮች ያለፈቃድ ቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት ክልክል ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለራስ ፍጆታ መፍቀዷ ለየት ያደርጋታል። መዘፍዘፍ ሌላ ነገር ነው፤ ያም ሆኖ የምትኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ማየት አይከፋም። «ሜታኖል (መርዛማው የአልኮል ዓይነት) ይፈጠርብኝ ይሆን?» ለሚሉ ደግሞ፦ ቅጠል አልኮል ውስጥ በመዘፍዘፉ ብቻ የሚያሰጋ ሜታኖል አይመጣም። አልኮሉ ሲገዛ ለመጠጥ የተሠራና ንጹህ ከሆነ እንደዚያው ይቆያል።

የትኛውን አልኮል ልጠቀም?

ለጀማሪ ጣዕም የሌለው 40 በመቶ ቮድካ ይበቃል። 50 በመቶ የሚሆን ከተገኘ ይመረጣል። 95 ወይም 96 በመቶ የሆነው ንጹህ የመጠጥ አልኮል ደግሞ ለሎሚ ልጣጭና ለዘሮች አንደኛ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽታውን የሚሰጠው የቅጠሉ ዘይት አልኮል ይወዳል፤ አልኮሉ በጠነከረ ቁጥር ዘይቱ ፈጥኖ ይወጣል። ስኳር፣ ሙጫነት ያለው ነገርና ምላስ የሚይዘው ታኒን ደግሞ ውሃ ሲኖር ይበልጥ ይወጣሉ። ስለዚህ ያው ልጣጭ በ96 በመቶ ውስጥ ጥርት ያለ የሎሚ ሽታ ሲሰጥ፣ በ40 በመቶ ውስጥ ለዘብ ያለና ትንሽ መረር የሚል ነገር ይሰጣል። ሁለቱም ስህተት አይደሉም። ለደረቀ ቅጠልና አበባ ከ40 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው። ለእርጥብ ቅጠል ከፍ ያለው ይሻላል፣ ቅጠሉ ራሱ ውሃ ይዞ ስለሚገባ።

ውድ ቮድካ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ናናው ይሸፍነዋል። የረከሰውም ጉሮሮ የሚፍቅ ከሆነ ስኳር አይደብቀውም። ከመዘፍዘፋችሁ በፊት ትንሽ ቀድታችሁ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ቅመሱት። እንደዚያ ሆኖ ሳይጎረብጥ ከወረደ ይሆናል።

የፋርማሲ አልኮል ይሆናል?

ፈጽሞ። ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠው፣ የእጅ ማጽጃው፣ የማንደጃ ስፒሪቱ፣ አንዳቸውም አይጠጡም። አንዳንዱ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። አንዳንዱ ሆን ተብሎ እንዳይጠጣ መርዝ የተጨመረበት ነው። ሜታኖል ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። በከሰል አጣርቼ አጸዳዋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ጠርሙሱ ላይ ለመጠጥ መሆኑ በግልጽ ያልተጻፈ አልኮል ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

ከየትኛው ቅጠል ልጀምር?

ወጥ ቤት ከለመዳችሁት። ናና፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ የሥጋ መጥበሻ፣ ጠጅ ሳር፣ ካሞሜል። ከዘሩ ድንብላል፣ እንስላል፣ ሄል። ከቅመሙ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል። ከፍራፍሬ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ።

በመጀመሪያው ጠርሙስ ሦስት ነገር ይበቃል፤ አንድ ዋና ጣዕም፣ አንድ ደጋፊ፣ አንድ ከኋላ ሆኖ የሚያደምቅ። ናና ዋና ከሆነ የሎሚ ልጣጭ ይደግፈዋል፣ ድንብላል ከኋላ ይቆማል። ጦስኝን ከብርቱካን ልጣጭና ከጥቂት ሄል ጋር ማስገባት ያዋጣል። ካሞሜል ለብቻው የዋህ ስለሆነ ማርና የሎሚ ልጣጭ ይስማሙታል። ከቅርንፉድ ተጠንቀቁ። ለአንድ ሊትር ሦስት ፍሬ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም፤ ሌላውን ሁሉ ይውጥና ጠርሙሱን የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ ያደርገዋል።

እርጥብ ቅጠል ይሻላል ወይስ ደረቅ?

እንደ ቅጠሉ ነው። ናና፣ በሶብላና ጠጅ ሳር እርጥቡ ይበልጣል፤ ሲደርቁ ያ ለጋ ሽታቸው ይጠፋል። ጦስኝ፣ ካሞሜልና ላቬንደር ደርቀውም ግሩም ናቸው። ሥርና ዘር አብዛኛውን ጊዜ በደረቁ ነው የሚገቡት። አሠራሩ ላይ እርጥብ ተብሎ በእጃችሁ ያለው ደረቅ ከሆነ በክብደት ሲሶውን ያህል አስገቡ።

እርጥብ ቅጠል ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ላዩ ላይ የቀረ ውሃ አልኮሉን ያቀጥነዋል። አልኮሉ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ መሸፈኑንም እዩ። ከላይ ብቅ ያለ ቅጠል ይጠቁራል፣ መጥፎ ሽታም ያመጣል። ቅጠሉን መቀጥቀጥ አያስፈልግም። በመዳፍ መካከል አንዴ መታ ማድረግ ይበቃል፤ ከተፈጨ የሣር ጣዕም ያመጣል፣ ማጥለሉም ራስ ምታት ይሆናል።

ስንት ቀን ይዘፍዘፍ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ብዙ ቦታ የሚሰጠው «40 ቀን» የሚል መልስ ለብዙ ቅጠል የተሳሳተ ነው። ቅጠሉ መልካሙን ነገር ቀድሞ ይሰጣል፣ ምሬቱን ቆይቶ። ረጅም ጊዜ መተው ጣዕም አይጨምርም፤ የማትፈልጉትን ያመጣል።

በግምት እንዲህ ነው። ናናና በሶብላ ከ2 እስከ 5 ቀን። ጦስኝና የሥጋ መጥበሻ ኃይለኛ ስለሆኑ ከ1 እስከ 4 ቀን፤ የሥጋ መጥበሻ ከዘገየ የሙጫ ጣዕም ያመጣል። ላቬንደር አንድ ቀን፤ ካለፈ ሳሙና የጠጣችሁ ይመስላችኋል። ካሞሜል ከ2 እስከ 4 ቀን። የሎሚ ልጣጭና የደረቁ ዘሮች ከ1 እስከ 2 ሳምንት። ቀረፋ ከጥቂት ቀን እስከ አንድ ሳምንት። ሥሮች ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ከሥሮቹ ጄንሺያን ለብቻው ይታያል፤ በጣም ጥቂት ይገባል፣ በቀናት ውስጥም ይወጣል። ያለዚያ እንደ እሬት ይመራል።

ቀን መቁጠሩ ግን መነሻ ነው። የሚወስነው ምላስ ነው፣ አቀማመሱም ዘዴ አለው። ከጃሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅዱ። ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሩበት፣ ጫፍ ማንኪያ ስኳር በጥብጡበት። በጥሬው 50 በመቶ አልኮል ከቀመሳችሁ ምላሳችሁ ይደነዝዝና ምንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ አሽቱት። ከዚያ ጎንጨት አድርጉና ዋጡ። አሁን ቆይ በሉ። ሽታው ወዲያው ይመጣል፤ ምሬት ግን ዘግይቶ ከምላስ ሥር ነው የሚነሳው። ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን መያዝ ከጀመረ ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ አጥልሉት። ለለጋ ቅጠል በየቀኑ፣ ለልጣጭና ለዘር በየሦስት ቀኑ ቅመሱ።

ጃሩ በዚህ ጊዜ ሁሉ ጨለማና ብዙ ሙቀት የሌለበት ቦታ ይቀመጥ። በቀን አንዴ መወዝወዝ አይጎዳም።

በገዳም የሚሠሩት ሊከሮች ከመቶ በላይ ዕፅዋት ይገባባቸዋል ይባላል። እኔስ?

የፈረንሳዩ ሻርትሬዝ 130 ዕፅዋት እንዳሉበት ይነገራል። የካርቱዚያን መነኮሳት ለአሠራሩ መነሻ የሆነውን ጽሑፍ የተረከቡት እ.ኤ.አ. በ1605 ነው። የጀርመኑ የገርማይስተር 56 ይላል። እነዚህን ቁጥሮች ማየት ያጓጓል፣ ያሳስታልም። እነሱ ዕፅዋቱን ሁሉ አንድ ጃር ውስጥ ጥለው አይደለም የሚሠሩት። ለየብቻ ወይም በቡድን ያዘጋጁና በመጨረሻ ያዋሕዱታል።

ቤት ውስጥም ከሦስት በላይ ለመጠቀም ካሰባችሁ ይህ መንገድ ይሻላል፤ እኔ ሌላውን ለማንም አልመክርም። ትንንሽ ጃር ትወስዳላችሁ። በአንዱ ናና፣ በአንዱ የሎሚ ልጣጭ፣ በሌላው ሄል፣ በሌላው ቀረፋ ትዘፈዝፋላችሁ። ሁሉም በየጊዜው ይጠለላል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ በማንኪያና በጠብታ ታዋሕዳላችሁ። ሄሉ ቢበዛ የሚበላሸው አንድ ሲኒ ነው፤ ሊትሩ ይተርፋል። የወደዳችሁትን መጠን ጻፉና በዚያው ልክ ታበዙታላችሁ። በአንድ ጃር ከተዘፈዘፈ ግን ቀረፋው ሲበዛ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ የገባ ጣዕም አይወጣም።

የተረፉት ትንንሽ ጃሮችም አይጣሉም። ስኳር ያልገባበት የቀረፋ ወይም የሄል ዝፍዝፍ ለዓመት ቁጭ ብሎ ለሚቀጥለው ጠርሙስ ይውላል። ኬክ ላይም ጥቂት ጠብታ ጠብ ይደረጋል።

አንድ አስተማማኝ አሠራር ንገሩኝ።

የናና ሊከር። 700 ሚሊ ሊትር አልኮል፣ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፣ 40ም ይሆናል። 40 ግራም እርጥብ የናና ቅጠል፣ ታጥቦ ላዩ ላይ ያለው ውሃ የደረቀ፣ ግንዱ ተለቅሞ የወጣ። የአንድ ሎሚ ልጣጭ። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቀቅ ተደርጎ የተከካ ድንብላል። 200 ግራም ስኳር፣ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ።

ሎሚው ሰም የተቀባ ሊሆን ስለሚችል በሙቅ ውሃ በብሩሽ እሹት። ልጣጩ ስስ ሆኖ ይላጥ፤ ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ክፍል መራራ ነው። ልጣጩንና ድንብላሉን አልኮሉ ውስጥ ከትታችሁ ለአንድ ሳምንት ተዉት። ናናውን ገና አታስገቡ። ልጣጭና ዘር ቀስ ብለው ነው የሚሰጡት፣ ናና ግን ጥድፊያ አለው። አንድ ላይ ከገቡ ወይ ሎሚው ሳይወጣ ታጠሉታላችሁ፣ ወይ ናናው ይመራል።

ከሳምንት በኋላ ናናውን ጨምሩ። በመጀመሪያው ቀን ፈሳሹ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ቅጠሉ ቀለሙን ለአልኮሉ ሰጥቶ ራሱ ገርጥቶ ታገኙታላችሁ። ከዚህ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ቅመሱ። ጠርዙ መጥቆር ከጀመረ ወይም ከዋጣችሁ በኋላ አፍ መያዝ ካመጣ ጊዜው አልቋል። በወንፊት፣ ከዚያ በሻሽ፣ በመጨረሻ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥልሉት። ሻሹን አትጭመቁ። የመጨረሻዋን ጠብታ ለማትረፍ ሲባል የሚጨመቀው ነገር ነው ሊከሩን የሚያደፈርሰውና የሚያመርረው።

ስኳሩን ውሃው ውስጥ ለብ አድርጋችሁ አሟሙና ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙ። ከዚያ ከአልኮሉ ጋር ቀላቅሉ። ቢያንስ ለአንድ ወር ይረፍ። በዕለቱ ስትቀምሱት አልኮሉ ለብቻው፣ ስኳሩ ለብቻው ይሰማችኋል፤ አትደንግጡ፣ ይዋሐዳል።

ስኳሩ ለምን መጨረሻ ላይ? ማርስ ይሆናል?

ስኳር ገብቶ ከሆነ ምሬቱ ሲጀምር አትሰሙትም፣ ስኳሩ ይሸፍነዋል። ደግሞም ሲያልቅ የምትጨምሩት ከሆነ መጠኑን እየቀመሳችሁ ትወስናላችሁ። መጀመሪያ ግማሹን ሽሮፕ (ስኳሩ የሟሟበትን ውሃ) ጨምሩ፣ ቅመሱ፣ ቀጥሉ። መራራ ሥር ያለበት ሊከር ስኳር ይሸከማል፤ የሎሚ ሽታ ያለው ከመጠን በላይ ከጣፈጠ ከረሜላ ይሆናል።

ማር ይሆናል። ለካሞሜልና ለጦስኝ ከስኳር ይበልጣል። ግን ሊከሩን ያደፈርሰዋል፣ ከሳምንታት በኋላም ሥሩ አተላ ያስቀምጣል። ሳትነቀንቁ ከላዩ ገልብጡት፣ ያልፋል። ቡናማ ስኳር ቀረፋና ዝንጅብል ላለበት ይስማማል፤ ናና ላይ ግን አይሆንም፣ የሞላሰስ ጣዕሙ ይጫነዋል።

የአልኮሉን መጠን እንዴት ላውቅ?

በሒሳብ። የአልኮል መለኪያው መሣሪያ እዚህ አይሠራም፤ ስኳር የፈሳሹን ክብደት ስለሚቀይር የተሳሳተ ቁጥር ያነብባል።

ከላይ ያለውን ናና እንውሰድ። 700 ሚሊ ሊትር ገብቶ 50 ያህሉን ቅጠሉ ይጠጣዋል እንበል፤ 650 ይቀራል። 50 በመቶ ከነበረ በውስጡ 325 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለ። 200 ግራም ስኳር ከ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ወደ 325 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ይሆናል። ድምሩ 975 ነው። 325ን ለ975 ስታካፍሉ 33 በመቶ ገደማ ይመጣል። በ40 በመቶ ቮድካ ቢሠራ ደግሞ 27 አካባቢ ይሆናል።

በ96 በመቶ ለሚሠራ፦ 500 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 480 ንጹህ አልኮል አለ። 30 በመቶ ሊከር ከፈለጋችሁ ጠቅላላው 1.6 ሊትር መሆን አለበት። ስለዚህ 1.1 ሊትር ሽሮፕ ትጨምራላችሁ። 400 ግራም ስኳር ተሟሙቶ ሩብ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፣ ቀሪው 850 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ ጥቂት ይኮማተራሉ፤ ለቤት ሥራ ግን ልዩነቱ አያሳስብም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። 96 በመቶ አልኮል በተለመደ የክፍል ሙቀት ተኑ በእሳት ይያያዛል። ሽሮፑን ስታፈሉ ጠርሙሱ ምድጃ አጠገብ አይሁን። ትኩስ ሽሮፕም አልኮል ላይ አይገለበጥ።

ደፈረሰብኝ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ብዙ ጊዜ ዘይቱ ነው። በጠንካራ አልኮል ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ዘይት ውሃ ሲጨመርበት መሟሟት ያቅተውና በጥቃቅን ጠብታ ይበተናል፤ ፈሳሹ ወተት ይመስላል። አኒስና እንስላል ያለበት ሊከር ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ አኔቶል የሚባለው ዘይታቸው ያመጣዋል። የግሪኩ ኡዞ ውሃ ሲጨመርበት የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥርት ያለ ከፈለጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩትና እንደቀዘቀዘ በወረቀት አጣሩት። ግን ከዘይቱ ጋር ትንሽ ሽታም ይሄዳል። እኔ ብሆን ድፍርሱን እጠጣለሁ። ሥሩ የተቀመጠ ዝቃጭ ካለ ደግሞ የቅጠል ብናኝ ነው፤ ከላዩ ቀስ አድርጎ መገልበጥ ይበቃል።

አረንጓዴ የነበረው ቡናማ ሆነ። ለምን?

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል አይበረክትም። ብርሃንና አሲድ ሲያገኘው መሃሉ ላይ ያለችውን ማግኒዥየም ያጣና ወደ ወይራ ቀለም፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጣዕሙ ላይ ብዙም ለውጥ የለም። ጠቆር ያለ ጠርሙስና ጨለማ ያዘገየዋል፣ የሎሚ ጭማቂ መጨመር ያፋጥነዋል። ሱቅ ውስጥ ለዓመታት አረንጓዴ ሆነው የሚቆዩት የናና ሊከሮች ብዙዎቹ ማቅለሚያ የገባባቸው ናቸው።

በጣም መረረ። ይድናል?

ጥቂት ከሆነ አዎ። ተጨማሪ ሽሮፕና ጣዕም የሌለው አልኮል ጨምራችሁ ማቅጠን የመጀመሪያው ነው። በጣት ጫፍ የምትያዝ ጨው ምሬትን ትሸፍናለች። ምሬቱ አፍ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ታኒን ነው፤ ለዚያ ወተት ይረዳል። ሊከሩን ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ባለው ወተት ላይ ስታፈሱት ወተቱ ይቆረጣል፣ የወተቱ ፕሮቲን ታኒኑን ይዞ ይረጋል፣ በወረቀት ይጠለላል። የሚወጣው ጥርት ያለና ለስለስ ያለ ነው። ወተት የማይስማማቸው እንዳይጠጡት ንገሩ። የጄንሺያንን ወይም የአሪቲን ምሬት ግን ይህ ብዙም አይነካውም።

የማይገባ ቅጠል የትኛው ነው?

መጀመሪያ፦ በእርግጠኝነት የማታውቁትን ከሜዳ አትልቀሙ። የእንስላልና የካሮት ዘመዶች ውስጥ ሄምሎክ የሚባል ገዳይ አለ፤ አበባውም ቅጠሉም ይመሳሰላል። ዲጂታሊስ የተባለው የልብ መርዝ ያለው ተክል ደግሞ አበባ ከማውጣቱ በፊት ቅጠሉ ከሌሎች ጋር ተምታቶ ሰው ገድሏል። አልኮል መርዝ አያጠፋም፣ እንዲያውም አሟሙቶ ያወጣዋል።

ሁለተኛ፦ የሚታወቅ ሆኖ ልክ የሚፈልግ አለ። አሪቲ ቱጆን የሚባል ነገር አለው፤ በብዛት ነርቭን ይመርዛል። አብሲንት የተባለው መጠጥ በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1910፣ በፈረንሳይ በ1915 የታገደው ስሙ ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። አብዛኛው ጉዳት የአልኮሉ እንደነበር በኋላ ቢታወቅም የአውሮፓ ኅብረት ከአሪቲ ዘመዶች በሚሠሩ መጠጦች ላይ በኪሎ 35 ሚሊ ግራም ገደብ አስቀምጧል። ቤት ውስጥ ቱጆን የሚለካ የለም፤ ስለዚህ ለአንድ ሊትር አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ለጥቂት ሰዓት ነክሮ ማውጣት፣ ወይም ጨርሶ መተው። ጤና አዳምን ጣሊያኖች ግራፓ በሚባለው የወይን አረቄያቸው ጠርሙስ ውስጥ አንድ ዘለላ ይከቱታል። ሽታው ግሩም ነው፣ በብዛት ግን ጎጂ ነው፤ እርጉዝ ሴት ልትርቀው ይገባል። እርጉዝ ሴት እርግጥ ከማንኛውም ሊከር መራቅ አለባት።

ሊኮሪስ ሥር ከበዛ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየምን ያወርዳል። ሃይፐሪኩም የሚባለው ባለ ቢጫ አበባ ተክል የእርግዝና መከላከያን፣ የደም ማቅጠኛንና የድብርት መድኃኒትን ሥራ ያዛባል። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ እንግዳ ካላችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ንገሩት።

ለሆድ፣ ለጉንፋን መድኃኒት ይሆናል?

እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት። እነዚህ መጠጦች በገዳማትና በመድኃኒት ቀማሚዎች ቤት የተጀመሩት ለሕክምና ነበር፤ ከከባድ ምግብ በኋላ መራራ ነገር መጎንጨት የቀረውም ከዚያ ነው። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የአልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ናና ስለገባበት ይህ አይቀየርም። ለደስታ ይጠጣል፣ በትንሽ መለኪያ፣ 30 ወይም 40 ሚሊ ሊትር። ጣፋጭ ስለሆነ ቶሎ ይወርዳል፤ ማዘናጋቱ እዚያ ላይ ነው።

ቅጠሉን ትቼ የዘይት ጠብታ ብጨምርስ?

አይሁን። ለሽታ ወይም ለማሸት የሚሸጥ ዘይት ለመጠጥ አልተሠራም። የቅጠሉ ኃይል በጣም የተከማቸበት ስለሆነ በጥቂት ጠብታ ልዩነት ከመጥፎ ጣዕም ወደ መርዝ ይሻገራል።

በምን ዕቃ ልሥራ?

ሰፊ አፍና ጥብቅ ክዳን ያለው የብርጭቆ ጃር። ፕላስቲክ በጠንካራ አልኮል ጣዕም ይለቅቃል። የምግብ ሚዛን ይኑራችሁ፤ «አንድ እፍኝ ናና» የአንዱ እፍኝ ከሌላው እጥፍ ነው። ያማሩ የድሮ ክሪስታል ጠርሙሶች ብዙዎቹ እርሳስ ስላላቸው ለማቅረቢያ ይሁኑ እንጂ ለማስቀመጫ አይሁኑ። ጃሩ ላይ ወረቀት ለጥፉና የገባበትን ቀን፣ የአልኮሉን መጠን፣ የቅጠሉን ግራም ጻፉ። ስታጠሉት የወጣበትንም ጨምሩ። የሚጣፍጥ ነገር ሠርቶ መድገም አለመቻል ያናድዳል።

ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ሊከር ፍሪጅ አይፈልግም፤ ከዚያ በታች ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ቅመምና ሥር ያለበት እየቆየ ይጣፍጣል። ናናና በሶብላ ግን ለጋነታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ይደክማል፣ ቶሎ መጠጣት ነው። ክሬም ወይም እንቁላል የገባበት ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና በጥቂት ሳምንት ይለቅ። ሽታው ከተቀየረ ወይም ላዩ ላይ ሻጋታ ካያችሁ ይደፋ።

መሸጥ እችላለሁ?

ያለፈቃድ አይቻልም። አልኮል መሸጥ በአብዛኛው አገር ፈቃድና ግብር አለው። ለወዳጅ በስጦታ ስትሰጡ ጠርሙሱ ላይ የገባበትን ሁሉ ጻፉ።

የተጠለለውን ቅጠልና ልጣጭ ምን ላድርገው?

ናናው ጣዕሙን ጨርሷል፣ ይጣል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ግን ገና ሽታ አለው። ስኳር ውስጥ ቀብራችሁ ለሳምንት ብትተዉት ለኬክ የሚሆን ጥሩ ስኳር ይወጣዋል፤ አልኮል ስላለበት ግን ለልጆች በሚሆነው ላይ አታድርጉት። የቀረፋ እንጨት ደርቆ አንድ ጊዜ ድጋሚ ይዘፈዘፋል። አልኮል የጠጣ ቅጠል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ምድጃ አጠገብ ባለ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት፤ መጀመሪያ በውሃ አለቅልቁት።